መታኸው ያልኩባቸው ቀናት

ማርች 10፣ ሰኞ

…እና «ትንፋሽሽን ያዥ» አለኝ ላማር ያኔ። ተኳሹ እሱ ሆኖ ሳለ ትንፋሽ የምይዘው እኔ መሆኔ አሳቀኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከተጋባን ወር አልሞላንም። ፒካፑ ጀርባ ላይ በሆዳችን ተኝተናል። ባለሦስት እግሩ መነጽር ከክርኑ አጠገብ ተተክሏል። «እንስሳውን አትዪ» አለኝ፣ «ከኋላው ያለውን አፈር ነው የምታዪው። ጥይቱ ከሳተ የሚናገረው አፈሩ ነው።» አፈሩን አየሁ። ከዚያ እጁን ጀርባዬ ላይ አድርጎ

ሊጡ ሞልቶ ፈሰሰ። ጠርጌ ተመለስኩ። ምን ልጽፍ እንደነበር ጠፋኝ።

ዛሬ የዓመቱን የመጀመሪያ ማርሞቶች አየን፤ ድመት የሚያህሉ፣ አይጥ መሳይ ጉድጓድ ቆፋሪዎች። ቦዩ የሚታጠፍበት ላይ አራት ናቸው። የበረዶውን ክረምት ሙሉ ተኝተው ስለከረሙ ቆዳቸው ሰፍቷቸዋል፤ የታላቅ ወንድማቸውን ካፖርት ለብሰው የወጡ ይመስላሉ። አንደኛው ድንጋይ ላይ ቆሞ አፏጨ። ላማር ከሦስት መቶ እርምጃ ላይ አነጣጠረ፤ ጠበቀ፤ ከወትሮው ይልቅ ረጅም ጠበቀ። ጥይቱ ከእንስሳው በስተግራ አንድ ስንዝር ርቆ አፈር አስነሳ። ማርሞቱ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

«እሺ?» አለ። ጉንጩን ከሰደፉ ላይ አላነሳም።

ጠመንጃዋ ትንሽ ናት፤ ጥይቷም ከእርሳስ ጫፍ አትበልጥም። ግን ስትተኮስ ትዘላለች፤ በዚያች ቅጽበት ተኳሹ የሚያየው ሰማይ ነው። ለዚህ ነው ሁለት ሰው የሚያስፈልገው። አንዱ ይተኩሳል፣ ሌላው ይናገራል። አርባ ስድስት ዓመት እሱ ተኮሰ፣ እኔ ተናገርኩ።

መልስ እየጠበቀ ነበር። ትከሻው ይጠብቅ ነበር።

«መታኸው» አልኩ።


ማርች 12፣ ረቡዕ

ነፋስ። ሰባት ተኮሰ። አምስት አልኩ። እውነቱ አንድ ነው።

ነገ እነግረዋለሁ።


ማርች 15፣ ቅዳሜ

ግሌና ለምሳ መጣች። የላማር ታላቅ እህት ናት፤ ሰባ ስምንት ሞልቷታል። ከባሏ ሞት ወዲህ ቦዩ ከሚታጠፍበት በታች ባለችው የድሮ ትንሽ ቤታቸው ብቻዋን ትኖራለች። መኝታ ቤቷ ወደ ቦዩ ነው።

«አንተ ልጅ» አለችው ድንቹን እየቆረሰች፣ «ያ ወፍራሙ ዛሬም መጥቶ ነበር።»

«የትኛው ወፍራም፣ እታለም?»

«ግድቡ ላይ ቆሞ መኝታ ቤቴን የሚያየው። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ትኩር ብሎ ያየኝ ወንድ የለም።»

«እሱንማ ትናንት ገድዬዋለሁ።»

«እንግዲያው ወንድሙ ነዋ ለልቅሶ የመጣው።»

ላማር እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳልጠራ ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ።

ቦዩ ከእርሻው ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው። ውሃውን የያዘው የላማር አያት በበቅሎ እየጎተቱ የሠሩት የአፈር ግድብ ነው። ማርሞቶቹ ድሮ ከጥቁሩ ድንጋይ ገደል አይወርዱም ነበር። አሁን ለስላሳውን አፈር ለመዱ፤ ለከብት የምንዘራው አልፋልፋም ከበራቸው ላይ ሆነ። ጉድጓዱ ከግድቡ ወዲህ ገብቶ ወዲያ ከወጣ፣ ውሃው መንገድ አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ውሃ ከመለቀቁ በፊት ላማር በመጀመሪያ እነሱን ይጨርሳል፤ ቀጥሎ ጉድጓዱን ይደፍናል። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። በሕይወት ያለ ማርሞት ላይ የደፈነ ሰው ሥራውን አባሰው፤ ታፍኖ ዝም አይልም፤ በውስጥ በኩል ሌላ አፍ ይከፍታል።

ይህን አውቃለሁ። እዚህ አገር የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቃል።


ማርች 20፣ ሐሙስ

በችኮላ። ላሟ ልትወልድ ነው።

ላማር ቀለሆቹን በአሮጌ የእንጨት ሳጥን ያስቀምጣል። የመታበትን ያቆመዋል፤ የሳተበትን ያስተኛዋል። አባቱም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ዛሬ አሥራ አራት ቆመዋል።

መቆም የነበረባቸው ሦስት ናቸው።


ማርች 24፣ ሰኞ

የውሃ አባቱ ኬንት መጣ። ቦዩን ከላይ እስከ ታች የሚጠብቀው፣ በሩን የሚከፍትና የሚዘጋው እሱ ነው። ገና አርባ አልሞላውም፤ ቆቡን ሳያወልቅ ቤት አይገባም። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ሁሉ ወንድም፣ እህት እያለ በቤተሰብ ስማችን ነው የሚጠራን።

«ወንድም ክሮፍት፣ ዘንድሮ ውሃው የሚለቀቀው ሰኞ ኤፕሪል 28 ነው። ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ፣ ግድቡ መጽዳቱን ለማስፈረም እመጣለሁ።»

«ና። ዳቦ ይኖራል።»

«የላይኞቹ ዘንድሮ ማርሞቶቹን በጭስ ነው የጨረሱት። ሁለት ሰው ይዤ ብመጣ፣ የእርስዎን ግድብ በግማሽ ቀን…»

«ኬንት።»

«አቤት።»

«አባትህ ጠመንጃ መተኮስ ይችል ነበር?»

«ብዙም አይችሉም ነበር።»

«ለዚህ ነው እናንተ ቤት ጭስ የለመዳችሁት።»

ኬንት ሳቀ። ማሳቅ ያውቃል ላማር፤ ሰው በሳቁ መካከል በሩን ሲያገኝ ነው መሸኘቱን የሚያውቀው። እስከ ግቢው በር አብሬው ሄድኩ። ቆቡን ሲያጠልቅ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እህት ክሮፍት፣ ዓይናቸው ግን ደህና ነው?» አለኝ። «ባለፈው መንገድ ላይ ሰላም ብያቸው አላዩኝም።»

«ከአንተ ዓይን ይሻላል» አልኩት።

ለምን እንደዚያ አልኩ? ሰውየው ክፉ አልተናገረም። ደግ ነው እንዲያውም። በሩን ከፍቶልኝ ነበር፤ ዘጋሁበት።


ማርች 30፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን። ኮሪደሩ ላይ ከኋላዬ ሁለት ወንዶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ላማር ዘንድሮም ማርሞቶቹን ሃያ ሊሞላ ነው አሉ። በሰባ አንድ ዓመቱ!»

«ቆጣሪዋ ሚስቱ ናታ።»

ሳቁ። በምን እንደሳቁ አላውቅም። ወንዶች በሚስት ሁሉ ይስቃሉ፤ ምንም ላይሆን ይችላል።

የቁርባኑ ቁራሽ ዳቦ በሳህን ሲዞር ሳልወስድ ለላማር አሳለፍኩለት። አየኝ። በየትኛው ዓይኑ እንዳየኝ አላውቅም።


ኤፕሪል 3፣ ሐሙስ

እንጀምር። በዲሴምበር ከተማ ሄደን ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እኔን እያየ ለእሱ ይናገር ነበር። የቀኝ ዓይኑ መሀል ላይ ነው ችግሩ አለ፤ ዳር ዳሩ ደህና ነው። በትንንሽ አራት ማዕዘን የተሞላ ወረቀት ሰጠን። ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት፣ በየቀኑ ይዩት፣ መስመሮቹ ከታጠፉ ወይ ከጠፉ ደውሉልኝ አለ። ለጠፍነው። በመንገድ ስንመለስ ላማር ስለ በረዶው አወራ። እኔም ስለ በረዶው አወራሁ።

ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ የለም። መቼ እንደተነሳ አላስተዋልኩም።

ትናንት ወተት ከብርጭቆው ውጭ ቀዳ። «ብርጭቆው ተንቀሳቀሰብኝ» አለ። ጠረግኩት። ዛሬ የሐኪሙ ቀጠሮ ነበር፤ ጠዋት ሳነሳበት፣ «ሰርዤዋለሁ፣ በዚህ በረዶ ማን ይሄዳል» አለኝ። በረዶ ከጠፋ ሁለት ሳምንት አለፈው። የአልፋልፋው ጫፍ እንኳ ወጥቷል።

እሺ አልኩ።

እውነቱን ብነግረው ጠመንጃዋን ያስቀምጣል። ከጠመንጃዋ ቀጥሎ ምን ምን ተራ በተራ እንደሚወሰድ ሁለታችንም በአባቱ ላይ አይተናል። የመጨረሻውን ዓመት ሽማግሌው መስኮት ሥር ተቀምጠው ነው ያሳለፉት፤ ሰው ሲገባ «ማነው?» ይሉ ነበር። ላማር ሁልጊዜ እንዲህ ብሎ ይመልስ ነበር፦ «እኔ ነኝ፣ አባባ፣ የከብቱ ሌባ።»

መናገር አለብኝ። ግድቡ የእኔና የእሱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ሰው ተኝቷል።

በሚቀጥለው ጥይት እነግረዋለሁ። በሚቀጥለው እንደሳተ፣ «ሳትክ» እላለሁ፤ አንዲት ቃል ናት።


ኤፕሪል 4፣ ዓርብ

አላልኩም።


ኤፕሪል 8፣ ማክሰኞ

ዛሬ ስድስተኛዋ ጥይት ከማርሞቱ በላይ ያለውን ድንጋይ መታች። ፍንጣሪው በመነጽሩ ውስጥ ጥርት ብሎ ታየኝ። እንስሳው ዞር ብሎ ድንጋዩን አየ፤ ማን እንደጠራው ለማየት ያህል። ከዚያ ሣሩን ማኘኩን ቀጠለ።

«መታኸው» አልኩ።

ላማር ቀለሁን አወጣ። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ትንሽ አንከባለለው። ሳጥኑ ውስጥ አስተኛው።

አላቆመውም። አስተኛው። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ጣቱ ደንዝዞ ይሆናል። እኔም ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «መልካም ዓይን አለሽ፣ ቬልዳ» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ምንም። መልካም ዓይን አለሽ ነው ያልኩት። ሰው ሚስቱን ማመስገን አይችልም?»

«በአርባ ስድስት ዓመት አንዴ ትችላለህ።»

«እንግዲያው የዘንድሮው አለቀ» አለ። ሳቅን።


ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ

ግሌና ለጥርሷ ከተማ ስትሄድ ላማርን ይዛው ሄደች። አቧራቸው እስኪሰወር ጠበቅኩ። ጠመንጃዋን ከመስቀያዋ አወረድኩ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ውሸቱን እውነት ማድረግ። እሱ መታቸው ያልኳቸውን እኔ ከመታሁ ማንም አልዋሸም። ያለፈውን ማስተካከል ይቻላል ብዬ አስቤ ነበር፤ ሸሚዝ እንደሚተኮስ።

ከተኮስኩ ሠላሳ ዓመት ይሆነኛል። የስንዴ ከረጢቱን አፈሙዙ ሥር አድርጌ ተኛሁ። የማነጣጠሪያው መነጽር ብዥ አለብኝ፤ ቀለበቱን እያዞርኩ ለዓይኔ አስተካከልኩት። ማርሞት በማነጣጠሪያ ሲታይ ፊት አለው። አሮጌ ሰው ይመስላል፤ ፀሐይ እየሞቀ ጎረቤቱን የሚታዘብ። ምላጩን ስስብ ጠመንጃዋ ዘለለች፤ ሰማይ አየሁ፤ ተመልሼ ሳይ ድንጋዩ ባዶ ነበር።

መታሁት? ገባ? የሚነግረኝ አልነበረም። ዘጠኝ ጊዜ ተኮስኩ፤ ዘጠኝ ጊዜ ራሴን ጠየቅኩ። ላማር በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ ምን ያህል በእኔ ላይ እንደተደገፈ እስከ ዛሬ አላወቅኩም ነበር። ያችን ባዶ ቅጽበት በድምፄ ነበር የሚሞላት።

በእግሬ ተሻግሬ ሄድኩ። ሁለት አገኘሁ። አንዷ ሴት ናት፤ ጡቷ አብጧል። ልጆቿ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። በጉድጓዱ አፍ ተንበርክኬ አዳመጥኩ። ምንም አልሰማሁም። እኛ የከብት ሰዎች ነን፤ በእንዲህ ያለ ነገር አላለቅስም። ግን ቶሎ አልተነሳሁም።

ሳልታይ ጠመንጃዋን ለመወልወል የመወልወያ ሳጥኑን ከፈትኩ። ከዘይቱ ጠርሙስ ሥር የሐኪሙ ወረቀት አለ፤ ያ ባለ አራት ማዕዘኑ። መሀሉ ላይ በእርሳስ ክብ ተሠርቶበታል፤ ክቡ አጠገብ ጃንዋሪ 5 ይላል። በክቡ ዙሪያ ሌላ ክብ አለ፤ ፌብሩዋሪ 2። በእሱ ዙሪያ ሌላ። የመጨረሻው ወደ ወረቀቱ ጠርዝ ተጠግቷል፤ ያለፈው እሑድ ነው ቀኑ። የእሱ ጽሕፈት ነው።

እንደነበረ አጥፌ መለስኩት። ዳቦ ጋገርኩ። ከሚበቃን በላይ ጋገርኩ።


ኤፕሪል 13፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ላማር ጠመንጃዋን አውርዶ ጭኑ ላይ አጋደማት።

«ይቺ ልጅ ብቻዋን መውጣት ጀመረች እንዴ?»

«ምን?»

«ማነጣጠሪያው ተነክቷል። ቀለበቱ ለእኔ ዓይን እዚህ ጋ ነበር።»

«አቧራ ስጠርግ ነክቼው ይሆናል።»

«አቧራ» አለ። ቀለበቱን ወደ ቦታው አልመለሰውም። «አዎ፣ ዘንድሮ አቧራው በዝቷል።»


ኤፕሪል 17፣ ሐሙስ

«ጨርሰናል» አለ ጠዋት። «ሃያ ሰባት። እንድፈን።»

«ትንሽ ቀን ብንጨምር?» አልኩ።

«ለምን? አንቺ እኮ ነሽ ያልሽው።»

በትራክተሩ ሸክላ አፈር አመጣ። ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ሞላ፤ እኔ በዘነዘና ጠቀጠቅኩ። የገደሉ ድንጋይ ላይ አንድ ማርሞት ቆሞ ያየን ነበር። አየሁት። ፉጨቱን ሁለታችንም ሰማን። ላማር አንገቱን ቀና አላደረገም።

«ከገደሉ ነው» አልኩ። «ከግድቡ አይደለም።»

«አልጠየቅኩሽም» አለ፤ በቁጣ አይደለም።


ኤፕሪል 19፣ ቅዳሜ

ከቁርስ በፊት ወጣሁ። ሁለት አፍ ተከፍቷል፤ ሁለቱም ቦዩ የሚታጠፍበት ላይ ነው። የወጣው አፈር ትኩስና እርጥብ ነው። በአካፋ ደፈንኩ። ላማር ሳይነሳ ተመለስኩ።


ኤፕሪል 21፣ ሰኞ

ሦስት። ደፈንኩ።

ከዚያ ወደ ግሌና ቤት ወረድኩ። በረንዳዋ ላይ የችግኝ ጣሳዎቿን ትደረድር ነበር።

«እታለም፣ የዛሬ ሳምንት እኛ ጋ እደሪ።»

«ምን ተገኘና?»

«እንዲሁ። ዳቦ እጋግራለሁ።»

«ዳቦሽን በቀን እበላዋለሁ፤ ማታ ማታ አልጋዬን ነው የምወደው።» ጣሳውን አስቀመጠች። ዓይኗ እንደ ወንድሟ ሰማያዊ ነው፤ የእሷ ግን ምንም አያመልጠውም። «የዛሬ ሳምንት ውሃው የሚለቀቅበት አይደል?»

«ነው መሰለኝ።»

«ላማር ስቷል እንዴ?»

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም፤ ጠየቅኩ እንጂ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ውሃ ሲለቀቅ እዚሁ ተኝቼ ነው የሰማሁት። ማንም ዳቦ ልጋግርልሽ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።» ወደ ግድቡ ቀና አለች፤ ከዚያ ወደ እኔ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እቃዬን ከወለሉ ላይ ላንሳ፣ አላንሳ?»

«ኧረ አታንሺ» አልኩ። «ምን ሆነሽ ነው።»

እንዲህ ብዬ ወደ ቤቴ ወጣሁ። እግሬ አልተንቀጠቀጠም። ይህን ነው የማልረሳው፤ እግሬ እንኳ አለመንቀጥቀጡን።


ኤፕሪል 23፣ ረቡዕ

አምስት። ደፈንኩ። አንዱን ለመድፈን ክንዴን እስከ ብብቴ ሰደድኩ፤ መጨረሻውን አላገኘሁም።

መዳፌ ውሃ ቋጥሯል። ምሳ ላይ ላማር እጄን ይዞ ገለበጠው። «አትክልት ቦታ?» አለኝ።

«አትክልት ቦታ።»

እስካሁን አንድም ዘር አልዘራንም።


ኤፕሪል 24፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

ላማር ተኝቷል። ሬድዮው በርቷል። ለመጻፍ ጊዜ አለኝ፤ የሚጻፈው ነው የከበደኝ።

ለእሱ ስል ነው እያልኩ ነበር። የመጀመሪያዋ ቀን እውነት ነበር፤ ያችን ለራሴ እተዋታለሁ። ሁለተኛዋ ቀንስ? አሥረኛዋስ? አርባ ስድስት ዓመት አፈሩ ያለውን ነገርኩት። ዘንድሮ እኔ ያልኩት ነበር የሚሆነው። እንስሳው ሣር እየበላም ቢሆን፣ «ሞተ» ስል ይሞት ነበር። መነጽሩ ላይ ሳጎነብስ ደረቴ ውስጥ የነበረው ሐዘን ብቻ አልነበረም—

ይህ ትክክል አይደለም። ደክሞኛል።

ጠዋት ወጥ ቤት ሆኜ ኬንት ጋ ልደውል ስልኩን አነሳሁ። ምን ልለው? «ባሌ አያይም፣ እኔ ደግሞ ዋሽቻለሁ፣ ና በጭስ ጨርስልን።» ስልኩ ጆሮዬ ላይ ሲያንጎራጉር ቆየ። ላማር ከሳሎን፣ «ማን ጋ ነው?» አለ።

«ማንም ጋ» አልኩ።

«እኔ እኮ ለምን ለሰው አትደውዪም ልልሽ ነበር» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። በዚህ ቤት መጠየቅ ካቆምን ቆየን። አሁን ቀስ ብሎ ያስላል፤ ሊነሳ ነው።

ነገ ዓርብ ነው። ከእሱ ጋር ብቻችንን ስንሆን፣ ኬንት ከመምጣቱ በፊት፣ ቁርስ ላይ እነግረዋለሁ።


ኤፕሪል 25፣ ዓርብ

ቁርስ ላይ አልነገርኩትም። እንቁላሉ ጥሩ ነው አለኝ። ጨው በዝቶበታል አልኩ። አልበዛበትም አለ።

ኬንት አራት ሰዓት ላይ መጣ። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትኩስ ዳቦ በኮክ ማርማላታ በላ። ዘንድሮ ስለሚወርደው ውሃ፣ ስለ ልጁ የመጀመሪያ ጥጃ አወራ። ላማር ጥጃውን ምን ብለው እንደጠሩት ጠየቀው። ከዚያ ኬንት ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ እስክሪብቶውንም አቀበለው።

ላማር እስክሪብቶውን ያዘ፤ አልፈረመም።

«አንብብልኝ» አለ።

«ያው እንደ ዓምናው ነው፣ ወንድም ክሮፍት።»

«የዘንድሮውን አንብብልኝ።»

ኬንት አነበበ። በእኔ ድርሻ ያለው ግድብ በውስጡ የሚኖር እንስሳ የሌለበት፣ ጉድጓዶቹም የተደፈኑ መሆናቸውን አረጋግጣለሁ፣ ይላል። ላማር ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ እንደ ሰማ ሰው ሳይሆን እንደሚያውቀው ሰው።

«እንግዲህ እኔ ተኳሹ ነኝ» አለ። «ተኳሽ የሚያየው ሰማይ ነው። የምታየው እሷ ናት። እሷን ጠይቃት።»

ኬንት ቀልድ መስሎት ሳቀ። ዳቦውን በአንድ ጉንጩ ይዞ ወደ እኔ ዞረ። «እህት ክሮፍት፣ ንጹህ ነው?»

ላማር እያየኝ ነበር። ፊቱን ትንሽ ወደ ጎን አዙሮ ነው የሚያየኝ፤ ከክረምቱ ወዲህ እንደዚያ ነው የሚያየው፤ እኔን መሀል ላይ ሳይሆን ዳር ላይ አድርጎ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግኩ። አልነበረም። ይጠይቀኝ ነበር። ከኬንት በፊት፣ ምናልባትም ከብዙ ጊዜ በፊት፣ ይጠይቀኝ የነበረው እሱ ነው።

«አይደለም» አልኩ።

«ይቅርታ?» አለ ኬንት።

«ንጹህ አይደለም። ሃያ ሰባት አይደለም። እሱ የመታው አምስት ነው። ሁለት እኔ ገድያለሁ፣ እሱ በሌለበት። ሌላው በሙሉ በሕይወት አለ። እየደፈንኩት ነው፤ እየከፈቱት ነው። ዛሬ ጠዋት ስድስት አፍ ነበር። አንደኛው መጨረሻ የለውም።» ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር፤ ቀጥ ያለ ነበር፣ የአፈር ወሬ እንደምናገር። «እሱ የሚያውቀው እኔ የነገርኩትን ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ኬንት ማኘኩን አቆመ። ጉንጩ እንዳበጠ ቀረ።

ላማር እስክሪብቶውን ከድኖ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠው። በጣቱ ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር አስተካከለው።

«ሰማህ» አለው።

«ሰማሁ» አለ ኬንት።

«ውሃውን ስንት ቀን ትይዝልኛለህ?»

«የታችኞቹ ይጮሁብኛል።» ኬንት እኔን አላየኝም፤ ቆቡን አየ። «እስከ ሐሙስ። ከሐሙስ ወዲያ አልችልም።»

«ሐሙስ ይበቃል።»

«እና ማን ነው የሚተኩሰው፣ ወንድም ክሮፍት?»

ላማር ተነሳ። ወንበሩን በቦታው መለሰ። በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «ለግሌና ደውዪላት፣ እቃዋን ታንሳ» አለኝ። ድምፁ ወተት አምጪልኝ እንደሚል ነበር። ቆቡን ከመስቀያው ወሰደ። ጠመንጃዋን አልወሰደም።

ደወልኩ። ግሌና፣ «ጠረጴዛው ላይ ካወጣሁት አራት ቀን ሆነው» ብላ ዘጋችው።

ኬንት በሌላኛው በር ወጥቶ ነበር፤ አመስግኖ ይሁን ሳያመሰግን አላስታውስም። ከመታጠቢያው በላይ ባለው መስኮት ላማርን አየሁት። ግቢውን አቋርጦ ወደ ፒካፑ ሄደ። መሪው ባለበት በኩል ቆመ። እጀታውን አልነካም። እጁን የሞተሩ ክዳን ላይ አድርጎ፣ ቀስ እያለ፣ ቆርቆሮውን እየዳሰሰ በፊት በኩል ዞረ። የወዲያኛውን፣ አርባ ስድስት ዓመት እኔ የምገባበትን በር ከፈተ። ገባ። እግሩን አንድ በአንድ አስገባ፤ እጁንም ጭኑ ላይ አደረገ።

ከዚያ በሩን ዘጋው።